የእሽቅድምድም እርግብ፦ እንዴት ተገራች፣ እንዴትስ በጤና ተያዘች?

በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እንስሳት የሚነሡት ከጌቶቻቸው ጋር ነው። ዝሆን ከሐኒባል ጋር፣ ፈረስ ከሞንጎል ጦር ጋር፣ በቅሎ ከስንቅና ከትጥቅ ጋር ይጠቀሳሉ። እርግብ ግን አንድ ሁለት መስመር ከተሰጣት ተመስገን ነው። ይሁን እንጂ ይህች ወፍ ከቴሌግራፍ በፊትም ሆነ ከቴሌግራፍ ጎን ለጎን የገበያ ዋጋ፣ የጦር ትእዛዝና የቤተሰብ ሰላምታ ስታደርስ ኖራለች። ከዚያም አልፋ ለቤልጅግና ለሰሜን ፈረንሳይ ወዝ አደር የእሑድ ደስታው፣ አንዳንዴም ከሳምንት ደመወዙ ከፍሎ ገንዘብ የሚያስይዝባት ተወዳዳሪ ሆነች።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ ጥያቄ ነው። ከግማሽ ኪሎ የማትበልጥ ወፍ በአንድ ቀን 500 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በርራ ወደ ቤቷ እንድትገባ ያስቻላት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ተፈጥሮዋ ነው» ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው በምግቧ፣ በቤቷ አየር፣ በውሃ መጠጫዋ ንጽሕናና በጠባቂዋ እጅ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ለመምህርነት ከሚሠለጥኑ ወጣቶች ጋር ስለ መልእክተኛ እርግብ በተነጋገርን ቁጥር የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እርግቧ የሚላክላትን ሰው በምን ታውቀዋለች?» የሚል ነው። አታውቀውም። እርግብ የምታውቀው የራሷን ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ መልእክት የሚጠብቀው ሰው እርግቧን አስቀድሞ በቅርጫት አድርጎ ለላኪው መስጠት አለበት፤ ላኪው ወረቀቱን አስሮ ሲለቃት ወደ ተወለደችበት ትመለሳለች። ጉዞው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ተማሪ የቀረውን ታሪክ ሁሉ እንደ ተረት ነው የሚሰማው።

ለማዳዋ እርግብ የተገኘችው በገደልና በቋጥኝ ላይ ከምትኖረው የዱር እርግብ ነው። በሀገራችን ደጋማ ስፍራዎች ገደል ለገደልና በአብያተ ክርስቲያናት ጣራ ሥር የምናያት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት እርግብ የዚህችው ዘመድ ናት፤ እርሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ቻርልስ ዳርዊን እርግብ ያረባና የለንደን እርግብ አርቢዎች ማኅበር አባል የነበረ ሲሆን፣ በ1859 ያሳተመው የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፉ ስለ እርግብ በሰፊው ያትታል። ሰው እየመረጠ በማዳቀል ዝርያን ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ለማሳየት ከእርግብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘም።

ስለ ጥንቱ ዘመን ብዙ አንቆይም። በ12ኛው መቶ ዘመን ኑረዲን በሶርያ፣ በ13ኛው ደግሞ ሱልጣን በይባርስ በግብፅና በሶርያ የእርግብ ፖስታ አደራጅተው ነበር። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ፣ በ1850 ፖል ጁሊየስ ሮይተር የተባለው ሰው ከበርሊን የመጣው የቴሌግራፍ መስመር አኽን ላይ፣ ከፓሪስ የመጣው ብራስልስ ላይ መቆሙን አይቶ፣ በመካከል የቀረውን ክፍተት በእርግብ ሞላው። የገበያ ዋጋ በእርግብ ከባቡር ቀድሞ ይደርስ ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠራው የዜና ወኪል የተነሣው ከዚህ ነው። በአንጻሩ የሮትሺልድ ባለ ባንኮች የ1815ቱን የዋተርሉ ድል በእርግብ ሰምተው ከበሩ የሚለው በየመጽሐፉ የሚደጋገም ወሬ ማስረጃ ያልተገኘለት ስለሆነ፣ በክፍል ውስጥ እንደ እውነት ባይነገር ይሻላል።

የእሽቅድምድሙ እናት አገር ቤልጅግ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሊየዥና የአንትወርፕ አርቢዎች ልዩ ልዩ ዝርያዎችን እያዳቀሉ ከፍ ብላ የምትበር፣ ርቀት የምትችልና ቤቷን የማትስት እርግብ አወጡ። በመጀመሪያ እርግቦቹን ወደ መልቀቂያው ስፍራ የሚወስዱት ሰዎች በጀርባቸው ተሸክመው በእግር ነበር። ምድር ባቡር ሲዘረጋ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ዓርብ ማታ እርግቡን ለማኅበሩ አስረክቦ፣ እሑድ ከፈረንሳይ ስትመጣ ሰማይ ሰማዩን እያየ መጠበቅ ቻለ። መሬት ሥር በጨለማ ስድስት ቀን የዋለ ሰው በሰባተኛው ቀን ወደ ላይ የሚያይበት ምክንያት ማግኘቱን ልብ ይሏል።

የአሸናፊው አለያየት ራሱ ትንሽ የሂሳብ ትምህርት ነው። እርግቦቹ የሚለቀቁት ካንድ ቦታ ባንድ ጊዜ ቢሆንም፣ የሚገቡት እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ነውና ርቀቱ ይለያያል። ስለዚህ የሚወዳደረው ሰዓቱ ሳይሆን በደቂቃ የተጓዙት ሜትር ነው። ለምሳሌ አንዷ 300 ኪሎ ሜትር በ240 ደቂቃ ብትገባ ፍጥነቷ በደቂቃ 1,250 ሜትር ነው። ሌላዋ 310 ኪሎ ሜትር በ245 ደቂቃ ብትጨርስ 1,265 ሜትር ይሆናል። አምስት ደቂቃ ዘግይታ የገባችው አሸነፈች ማለት ነው። ይህን ስሌት ለተማሪዎች ሰጥቶ ማከራከር ይቻላል።

ልዩ የውድድር ሰዓት ከመሠራቱ በፊት ደግሞ የእርግቧ መድረስ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ማኅበሩ ወደሚሰበሰብበት ቡና ቤት ወስዶ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ስለሆነም ባለ እርግቦች እግረ ፈጣን ልጆችን አሰልፈው፣ አንዱ ለሌላው እየተቀባበለ እንዲሮጥ ያደርጉ ነበር። እርግቧ ከሩቅ አገር መጥታ፣ ልጁ በመጨረሻዋ መንገድ ቢደናቀፍ ሽልማቱ ይቀራል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የወጣው ሰዓት፣ ከእግሯ የሚወልቀው የጎማ ቀለበት ሲከተትበት ጊዜውን የሚመዘግብ በመሆኑ ይህን ሩጫ አስቀረው። ዛሬ በእግሯ ላይ ያለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቀለበት ደፍ ስትረግጥ ራሷ ትመዘግባለች።

የእርግብ ጉልበትና ድካም በግልጽ የተፈተነው ግን በውድድር ሳይሆን በፓሪስ ከበባ ነው። በሴፕቴምበር 1870 የፕሩሲያ ጦር ከተማይቱን ዘጋ። ከፓሪስ ወደ ውጭ ደብዳቤ በባሉን ይወጣ ነበር፤ ባሉን ግን ነፋስ ወደወሰደው ስለሚሄድ ወደ ከተማይቱ ተመልሶ ሊገባ አይችልም። የፓሪስ እርግብ አርቢዎች እርግቦቻቸውን በባሉን አስወጥተው መልስ ይዘው እንዲገቡ ለማድረግ ሐሳብ አቀረቡ። ሬኔ ዳግሮን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺም በኖቬምበር በባሉን ወጥቶ፣ በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር መልእክቶችን በአንዲት ስስ ፊልም ላይ አሳንሶ ማንሣት ጀመረ። ፊልሞቹ ተጠቅልለው በላባ አገዳ ውስጥ ይከተቱና ከእርግቧ ጭራ ላባ ጋር ይታሰራሉ። ፓሪስ ሲደርሱ በመብራት በግድግዳ ላይ ጎልተው እየታዩ በጸሐፊዎች ይገለበጣሉ።

ይህ እንግዲህ በየመጽሐፉ የሚደነቀው ወገን ነው። ሌላው ወገን ብዙም አይነገርም። እስከ ከበባው ማብቂያ ድረስ 302 እርግቦች ወደ ፓሪስ ተለቅቀው የገቡት 59 ብቻ ናቸው። በጃንዋሪ ወር ብቻ ከተለቀቁት 43 እርግቦች መካከል የደረሱት 3 ናቸው። ለምን? ተፈጥሯቸው አልተለወጠም፤ ቤታቸውንም አልረሱም። ቀኑ አጭር፣ ሰማዩ ጭጋግ፣ ምድሩ በረዶ ነበር። ጭልፊቱና የተራበው አዳኝ ሳይረሱ፣ አያሌዎቹ ወፎች ያን ያህል ርቀት ለመብረር ደረጃ በደረጃ ያልተለማመዱ ነበሩ። በቅርጫት ተዘግተው ሳምንታት የቆዩም ነበሩባቸው። ማንኛውም የቤልጅግ ከሰል ቆፋሪ በክረምት እርግቡን ለረጅም ጉዞ አይለቅም። የመንግሥት ሰዎች ግን አስፈለጋቸውና ለቀቁ። መልእክቱ የደረሰው አንዱ ደብዳቤ በብዙ እርግቦች እየተደጋገመ በመላኩ ነው እንጂ እርግቦቹ ሁሉ ስለገቡ አይደለም። በእኔ አስተያየት የፓሪስ ከበባ የእርግብን ተአምር ሳይሆን ያለ ዝግጅት የሚፈጸም ሥራ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

ለመሆኑ ዝግጅቱ ምን ነበር? የቤልጅግ አርቢዎች ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባት ለልጅ የተላለፈ ዕውቀት ነበራቸው። ከሁሉ በፊት የሚጠነቀቁት ለቤቱ ነው። የእርግብ ቤት ደረቅ፣ አየር የሚዘዋወርበት ግን ነፋስ የማይመታው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልተጨናነቀ መሆን አለበት። በአንድ ጠባብ ክፍል ብዙ እርግብ ያጎረ ሰው መድኃኒት ገዝቶ አይጨርስም። ኩሱ በየቀኑ ይጠረጋል፤ ሲጠረግም ይመረመራል። ድርቅ ብሎ ጫፉ ነጭ ከሆነ ወፊቱ ጤነኛ ናት፤ ውሃ የመሰለ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ዕረፍት የላትም።

ምግቡ በቆሎ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ገብስና ተልባ ነው። ጥርስ የሌላት ወፍ እህሉን በመቋደሻዋ የምትፈጭበት ጠጠርና ለእንቁላል ቅርፊት የሚሆን የዛጎል ስባሪም ይቀርብላታል። ጥበቡ ያለው ግን በእህሉ ዓይነት ሳይሆን በጊዜው ነው። ከውድድር በተመለሰች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገብስ የበዛበት ቀለል ያለ ምግብ ይሰጣታል፤ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ በቆሎውና ቅባት ያለበት እህል ይጨመራል። በኋላ ዘመን ሳይንስ ሲመረምረው፣ እርግብ በረጅም ጉዞ ላይ በዋነኛነት የምታነደው ስብ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ ከሰል ቆፋሪው ምክንያቱን ሳያውቅ ማገዶውን በልኩ ይጭን ነበር ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርት በመጠጥ ውሃዋ መዘፍዘፍም የቆየ ልማዳቸው ነው፤ በዚህስ ከእኛ እናቶች ጋር ሳይስማሙ አይቀሩም።

የመጨረሻው ፍርድ የእጅ ነው። የሠለጠነ አርቢ እርግቧን በእጁ ሲይዛት ደረቷ ሞላ ያለ፣ ሥጋዋ ቀላ ያለና ከላዩ ቅርፊት የማይታይበት፣ ክብደቷ ግን ቀለል ያለ ሆኖ ይሰማዋል። ዓይኗ ይጠራል፤ ከመንቁሯ በላይ ያለው እባጭ መሰል ሥጋ ኖራ የተቀባ ያህል ነጭ ይሆናል። ይህ ሥጋ ከደበዘዘ፣ ጥሩ አርቢ ውድድሩን ትቶ እቤት ያስቀራታል። ደካማ አርቢ ግን «ከፍዬባታለሁ» ብሎ ይልካታል።

እንድትቸኩል ማድረጊያ ዘዴም ነበር። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ «ቨቫዥ» ይሉታል፤ መበለትነት እንደ ማለት ነው። ወንዱ ሳምንቱን ሙሉ ከሴቷ ተለይቶ ይቆይና ከመላኩ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ያያታል። ሲመለስ እንደሚያገኛት ስላወቀ በመንገድ ላይ አይዘገይም። እርግብ በዓመት አንድ ጊዜ ላባዋን ትቀይራለች። በእያንዳንዱ ክንፍ ያሉት አሥር ዋና ዋና ላባዎችም ተራ በተራ ስለሚወድቁ፣ የውድድሩ ወራት ከዚህ ጋር እንዳይጋጭ ማስላት ያስፈልጋል። በኋላ ጊዜ አርቢዎች ቤቱን ለተወሰኑ ሰዓቶች በማጨለም የላባውን መውደቅ ማዘግየት ጀመሩ።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች እነዚህ ወፎች ወደ ውትድርና ተወሰዱ። በጁን 1916 በቨርደን አጠገብ ያለው የቮ ምሽግ በተከበበ ጊዜ አዛዡ ሻለቃ ሬናል የመጨረሻ እርግቡን በመርዝ ጢስ መካከል ለቀቀ፤ መልእክቱ ደረሰ፣ ምሽጉ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ተያዘ። ጀርመኖች በያዙት የቤልጅግና የፈረንሳይ መሬት እርግብ ማርባት ከስለላ ተቆጥሮ ከባድ ቅጣት ያስከትል ነበር። በብራስልስ በ1931፣ በሊል በ1936 ለእርግቦች ሐውልት ቆሞላቸዋል። በእንግሊዝ በ1943 የተቋቋመው የዲኪን ሜዳይ ለእንስሳት የሚሰጥ ሲሆን፣ እስከ 1949 ከተሸለሙት 54 እንስሳት 32ቱ እርግቦች ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ሬዲዮ ሥራቸውን ወሰደባቸው፤ የቀራቸው ውድድሩ ነው።

ውድድሩ ደግሞ የራሱን በሽታ ይዞ መጣ። ነገሩ ግልጽ ነው። ከመቶ ቤት የመጡ እርግቦች ባንድ ቅርጫት ያድራሉ፣ ባንድ ገንዳ ይጠጣሉ፣ ከዚያም በየቤታቸው ይበተናሉ። ለተላላፊ በሽታ ከዚህ የተመቸ ሥርዓት ሊገኝ አይችልም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመካከለኛው ምሥራቅ የታየ አንድ የቫይረስ በሽታ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ገባ። እርግቢቱ ውሃ ውሃ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ይጣመማል፣ እህሉን እያየች ለመልቀም ስትሞክር ትስተዋለች። በሀገራችን ፈንግል የገባበትን መንደር ያየ ሰው ምልክቱ አዲስ አይሆንበትም፤ ቫይረሱም የዶሮ ፈንግል ቫይረስ የቅርብ ወገን ነው። በ1984 በእንግሊዝ የእርግብ ኩስ የነካው መኖ በመበላቱ በሽታው ወደ ዶሮ እርባታዎች ተሻግሯል። ከዚያ ወዲህ በቤልጅግ ለውድድር የምትቀርብ እርግብ ሁሉ እንድትከተብ ግዴታ ሆነ።

ከቫይረሱ ይልቅ በየቤቱ የተለመደው ግን ትሪኮሞናስ የሚባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በጉሮሮዋ ውስጥ አይብ የመሰለ ቢጫ ቁስል ያወጣል። እናትና አባት ጫጩቶቻቸውን ከጉሮሯቸው ከረጢት በሚወጣ ወተት መሰል ምግብ ስለሚመግቡ፣ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ይዘውት ሳይታመሙ ይኖራሉ። መድኃኒት አለው። ችግሩ አርቢዎች በሽታው መኖሩ ሳይረጋገጥ «ለጥንቃቄ» እያሉ በየጥቂት ሳምንቱ መድኃኒቱን በውሃ እየበጠበጡ መስጠታቸው ነው። በውጤቱም መድኃኒቱ የማይበግረው ተሕዋስ ተፈጠረ። የድሮው ከሰል ቆፋሪ መድኃኒት ስላልነበረው ደካማዋን ወፍ ከመራቢያው ያወጣ ነበር፤ የዛሬው ደካማዋን በመድኃኒት ደግፎ ያራባታል። ከሁለቱ ለዝርያው የሚበጀው የትኛው እንደሆነ ለባዮሎጂ ክፍል ጥሩ የክርክር ርዕስ ይሆናል።

ጤናው የሚመለከተው ወፎቹን ብቻ አይደለም። በ1965 የእርግብ አርቢዎች የሳምባ በሽታ በሕክምና ጽሑፍ ተገለጸ፤ ከላባና ከኩስ የሚነሣው ብናኝ በአንዳንድ ሰዎች ሳምባ ላይ ቁጣ አስነሥቶ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቀኑን በከሰል አቧራ ውስጥ ውሎ ማታ የእርግብ ቤት ለሚጠርግ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መጥረግ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ሲበዛ ማታለልም በዛ። በ2013 ከቤልጅግ እርግቦች የተወሰዱ 20 ናሙናዎች በደቡብ አፍሪካ ቤተ ሙከራ እንደገና ሲመረመሩ፣ በስድስቱ የተከለከለ ነገር ተገኘ፤ አምስቱ ማስታገሻ መድኃኒት፣ አንዷ ደግሞ ኮኬይን። ሕመሟ የማይሰማት ወፍ መቆም ሲገባት ትበራለች። በዚህ ላይ ማንም አርቢ ሊቆጣጠረው የማይችለው አደጋ አለ። በጁን 1997 ከናንት ወደ እንግሊዝ ከተለቀቁ 60,000 ያህል እርግቦች መካከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት አልተመለሱም። አንድ ተመራማሪ የኮንኮርድ አውሮፕላን ከድምፅ በልጦ ሲበር የፈጠረው ነጎድጓድ አቅጣጫ አስቷቸው ይሆናል የሚል መላምት አቅርቧል። እርግብ በፀሐይ፣ በምድር መግነጢስ፣ በሽታ፣ እንዲያውም በአውራ ጎዳና ጭምር እንደምትመራ ልዩ ልዩ ጥናቶች ቢያሳዩም፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።

የሰሜን ፈረንሳይ የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ በ1990፣ የቤልጅግ የመጨረሻው በ1992 ተዘጉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመቶ ሺህ በላይ የነበሩት የቤልጅግ አርቢዎች ዛሬ ከሃያ ሺህ ያነሱ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ሸምግለዋል። የወፎቹ ዋጋ ግን ወደ ላይ ወጣ። በኖቬምበር 2020 ኒው ኪም የተባለች የሁለት ዓመት የአንትወርፕ እርግብ በጨረታ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ አውጥታለች፤ እስከ መጨረሻው የተፎካከሩባት ሁለቱም ተጫራቾች ቻይናውያን ነበሩ። የተገዛችው ለመብረር አይደለም። ከውድድር የወጣችው አስቀድሞ ስለሆነ የተፈለገው እንቁላሏ ነው።